ስለ አምቦ ውሃና ስለ ሃይላንድ ጠርሙስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወለጋ በሚወስደው የምዕራብ መንገድ ላይ ከተቀመጡት ከተሞች ብዙዎቹ፣ አንዱን ስም ከአገሬው አፍ፣ ሌላውን ከቤተ መንግሥት ተቀብለው በሁለት ስም ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶ እጦት ቢያስጨንቃቸው መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ ሊያነሡ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩበት፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ አገሬው ኤጄርሳ ማለት ወይራ ይለው የነበረው ኮረብታ፣ አዲስ ዓለም ተባለ፤ በኋላም ባሕር ዛፍ በቅሎ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ አዲስ አበባ በቦታዋ ስትጸና፣ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃ ለእመቤታችን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ስሙ ግን ከነተስፋው እዚያው ቀረ። ሆለታ ደግሞ ገነት ተባለች፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባትም ይህችው ናት። ከዚያ አልፎ፣ ጊንጪን ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባ በ120 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኘው አምቦ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ፣ ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ተሰጣት።

ይህን ስም ያወጣው ሊቅ ውሃውን ሳይቀምስ አላወጣውም ለማለት ያስደፍራል። ከምድር ውስጥ እየፈላ የሚወጣውን፣ ድውያን የሚጠመቁበትንና ጤነኞችም የሚጠጡትን ውሃ አይቶ ከተማዪቱን የሕይወት ሀገር ማለት፣ ለግእዝ አዋቂ ጆሮ ማየ ሕይወትን የሚያሳስብ፣ በአሰያየሙ ነቀፋ የማይገኝበት ነው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ስፍራ የተወለደው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በልጅነቱ የተማረበት የአምቦ ትምህርት ቤትም ማዕረገ ሕይወት ይባል ስለ ነበር፣ ያ ቃል በከተማዪቱ ላይ ሁለት ጊዜ ታትሞባት ነበር። ይሁን እንጂ ሀገረ ሕይወት በካርታና በማኅተም፣ በደብዳቤ ራስጌና በመዝገብ ሲጻፍ ሲኖር፣ ገበያተኛው፣ ነጋዴውና የአውቶቡሱ ረዳት አምቦ ማለታቸውን አልተዉም፤ በኋላ ዘመን የከተማዪቱ የጥንት ስም በጽሕፈት ቤትም ሲመለስ፣ በሰው አፍ ግን የተመለሰ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞውንም አልሄደምና።

የዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ስሙ በትእዛዝ ሲወርድ ነዋሪውን ያማከረ ስላልነበረ፣ በኦሮምኛ የሚናገረው የሜጫ ገበሬ ከአባቶቹ የሰማውን ትቶ የግእዙን እንዲይዝ የሚያስገድደው ጉዳይ አልነበረውም፤ ወደ ፍርድ ቤት ካልሄደ በቀር ስሙን የሚሰማበት ቦታም አልነበረም። ከዚህ ሁሉ የበለጠውን ሥራ የሠራው ግን፣ እኔ እንደማስበው፣ ጠርሙስ ነው። የአምቦ ማዕድን ውሃ ድርጅት የተመሠረተበትን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1930 ይለዋል፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። ፋብሪካው ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ በሰንቀሌ የሚገኝ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ፣ በኋላም ከውጭ ኩባንያ ጋር በሽርክና እየሠራ፣ ባለቤቱ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ስሙን አልለወጠም። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አምቦ ይል ስለ ነበር፣ መንግሥት በማኅተሙ አንድ ስም ሲያትም፣ በየምግብ ቤቱ ቆርኪ የሚከፍተው አሳላፊ በቀን ብዙ ጊዜ ሌላውን ስም ይጠራ ነበር። በቀን ብዙ ጊዜ ከሚጠራ ስም ጋር ደግሞ ማኅተም አይታገልም።

የውሃው ነገር ከምድሪቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ካለው ከየረር ተራራ ተነሥቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቅ፣ የምድር ቅርፊት የተሰነጠቀበትና ጥንታውያን እሳተ ገሞራዎች የተደረደሩበት መስመር በአምቦ አካባቢ ያልፋል፤ በደቡብ በኩል ሐይቅ የቋጠረው፣ በደሴቱም ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ወንጪ፣ በጊንጪ በኩል ደግሞ ደንዲ፣ የዚሁ መስመር ተራሮች ናቸው። እሳቱ ከበረደ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ከጥልቁ የሚወጣው የካርቦን አየር ከውሃው ጋር ተዋሕዶ፣ በመንገዱ ያገኘውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም አሟሙቶ ወደ ላይ ሲፈነዳ፣ ሌላው አገር በመኪና ኃይል የሚሞላውን አረፋ አምቦ ከተፈጥሮ ታገኘዋለች።

ይህ ውሃ በቀረቡት ሰዎች ልክ ስሙም የበዛ ነው። ኦሮሞው እረኛ እንዲህ ያለውን ጨው ጨው የሚል ውሃ ሆራ ይለዋል፤ ሆራ ያልጠጣ ከብት አይፋፋም፣ ወተቱም አይበዛም ብሎ፣ ቀን ቆጥሮ ሩቅ መንገድ ነድቶ ያጠጣበታል። ቁርጥማት የያዘው ሰው ፍል ውሃ ይለዋል፤ ይህም ቃል በሸዋ ታሪክ ቀላል ቃል አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ቤት መሥራትን ባይወዱ ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ ባለችበት መገኘቷ ያጠራጥራል። ምእመኑ ጠበል ይለዋል፤ ይህ ቃል በግእዝ ጸበል፣ ማለት ትቢያ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ የተቀደሰ ውሃ ሆነ፤ ያም ሳይበቃው በማኅበርና በቅዱሳን በዓል ቀን የሚቀርበውን ጠላና ዳቦ ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ፣ «ጠበል ቅመሱ» ተብሎ የተጠራ እንግዳ ውሃ ብቻ ቢሰጡት የሚቀየም ሆኖአል። የቤተ ሙከራው ሰው ማዕድን ውሃ ይለዋል። አምቦ የሚለው ስም ራሱ ከሸዋ ውጭ አይታጣም፤ በጎጃም ሜጫ በተባለው ወረዳ አምቦ መስክ የሚባል ቀበሌ አለ፤ የጎጃሙ ሜጫም ስሙን ያገኘው ዓባይን ከተሻገሩት ከሜጫ ኦሮሞዎች ነው። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሻ ትምህርት ቤትነት የኖረው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን ወደየገጠሩ ልኮ ሽማግሌዎች በየሸለቆው ያሉትን ምንጮች በምን በምን ስም እንደሚጠሩ ቢያስመዘግብ፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሻል ሥራ ይሆን ነበር።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ጥሬ ሥጋ በልቶ፣ ወይም በፋሲካ ማግሥት ዶሮ ወጥ ደጋግሞ ሆዱ የከበደው ሰው፣ በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አምቦ አምጣልኝ» ቢል፣ አሳላፊው የሚመልስለት ጥያቄ «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» የሚል ነው እንጂ የየትኛው ፋብሪካ ይሁን የሚል አይደለም። ባቢሌ ቢያመጣለት፣ ጦሳ ቢያመጣለት፣ ቆርኪው ተነሥቶ ፍስስ እስካለና አረፋው ወደ ብርጭቆው አፍ እስከ ወጣ ድረስ፣ ጠጪው ሎሚ ጨምቆበት አምቦ እንደ ጠጣ ሆኖ ያገሳል። ባቢሌ ግን በሐረርጌ ያለች ከተማ ናት፣ ጦሳም የደሴ ተራራ ነው፤ እነርሱም እንደ አምቦ የስፍራ ስም ሆነው ሳሉ፣ በገበታ ላይ ሲደርሱ ስማቸውን ለአምቦ አስረክበው ዝም ይላሉ። ባለፋብሪካው በዚህ ደስ ይበለው ይዘን አይታወቅም፤ ስሙ የሁሉ ሲሆን ክብር ነው፣ ገንዘቡ ግን ወደ ሌላ ይሄዳልና። በየቤቱም አምቦ ከመጠጥነት አልፎአል፤ ቃር የያዘው ይጠጣዋል፤ ሊጥ ቶሎ እንዲነፋላት የምትሻ ባለሙያ ከውሃ ፈንታ ታፈስበታለች። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ ጤፍ እንደ ልብ ባልተገኘበትና እርሾ ለማቆየት ጊዜ ባልነበረበት ዘመን፣ ከሱቅ በገዙት ዱቄት ላይ ባለ ጋዝ ውሃ እያፈሰሱ የቸኮለ እንጀራ መጋገር ለምደዋል፤ ዓይኑ የወጣለት፣ ኮምጣጣነቱ ግን የጎደለው እንጀራ ነው።

የስፍራ ስም እንዲህ ወደ ነገር ስምነት ሲለወጥ አምቦ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በቤልጂግ አገር ስፓ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ እንኳ በ1717 ወርዶ ውሃዋን የጠጣባት ናት። ከዚያ በፊት በ1596 ቲሞቲ ብራይት የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር በሃሮጌት የሚገኘውን ምንጭ የእንግሊዝ ስፓ ብሎ ቢጠራው፣ ቃሉ በእንግሊዞች አፍ እየሰፋ ሄዶ መጀመሪያ ማንኛውንም የማዕድን ምንጭ፣ ቀጥሎም ሰው ለጤናው የሚሄድበትን የመዝናኛ ከተማ፣ በመጨረሻም ገላ የሚታሽበትንና በእንፋሎት የሚታጠንበትን ቤት ያዘ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎች በር ላይ ስፓ ተብሎ ሲጻፍ፣ ምንጭ ቀርቶ ቧንቧው ራሱ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሊሆን ይችላል። በጀርመን አገርም ሰልተርስ የምትባል መንደር ስሟን ለጋዝ ውሃ ሰጥታ ሰልዘር አሰኝታለች። ይኸውም ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1772 አየሩን በሰው እጅ ከውሃ ጋር ማዋሐድ እንደሚቻል ጽፎ ካወጣ በኋላ የበለጠ ተስፋፋ፤ ከዚያ ወዲህ ሰልተርስን ረግጦ የማያውቅ ውሃ ሁሉ የሰልተርስን ስም ተሸክሞ ይሸጥ ጀመር።

የአምቦ ስም ከውሃ በቀር ሌላም ተሸክሞአል። ከአካባቢው የሚፈለጠው አሸዋማ ድንጋይ ለአዲስ አበባ ሕንፃዎች ግድግዳ ማልበሻ ሲሆን የኖረ ነውና፣ ግንበኛ «አምቦ ነው» ቢል ስለ ድንጋይ እንጂ ስለ መጠጥ አይናገርም። በግሪክና በሮም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንጌል የሚነበብበትን ከፍ ያለ መቆሚያ አምቦ ይሉታል፤ ይህ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከሸዋዪቱ ከተማ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ ስለ አምቦ በባዕድ መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው እርሱን ስለ ሆነ ግን እንዳይሳሳት መንገሩ ይጠቅማል። የጎረቤቷ የጉደር ዕጣም ከዚህ የሚቀራረብ ነው፤ በጠጅ ቤት ሳይሆን በቡና ቤት «ጉደር» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ቀይ ወይን ጠጅ ነው። የሚያስገርመው ወይኑን የሚጠምቀው ፋብሪካ አዋሽ መባሉ ነው፤ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ፈልቆ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በአፋር በረሃ ይሰምጣል፣ የጉደር ወንዝ ግን ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በምድር ላይ ጀርባ ሰጥተው የተለያዩት ሁለት ወንዞች በአንድ ጠርሙስ ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ የውሃ ስም መጣ፤ እርሱ ግን ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ሃይላንድ በእንግሊዝኛ ከፍ ያለ ምድር፣ በእኛ አነጋገር ደጋ ማለት ሲሆን፣ የቋንቋው ባለቤቶችም ቃሉን በብዙ ዓይነት ይገለገሉበታል፤ በተለይ የስኮትላንድን ተራራማ ሰሜን ይጠሩበታል፤ በዚያ የሚረባውን ጸጉሩ ዓይኑን የሚሸፍን ከብት፣ የዚያን አገር ሰዎች ጭፈራና ውስኪያቸውንም በዚሁ ይሰይማሉ፤ ስለ አገራችን የጻፉ መንገደኞችም ከስሜን እስከ ሸዋ ያለውን አምባ ሁሉ የኢትዮጵያ ሃይላንድ ይሉታል። ነጋዴዎች ደግሞ ቃሉ ንጹሕ አየርንና ቀዝቃዛ ምንጭን ስለሚያሳስብ ደስ ብሎአቸው በውሃ ጠርሙስ ላይ ይለጥፉታል። በአገራችንም ጋዝ የሌለው ውሃ በፕላስቲክ ታሽጎ መሸጥ በተጀመረበት ዘመን፣ ስሙ ቀድሞ ከወጣው ውሃ አንዱ ሃይላንድ የሚባለው ነበር። መጀመሪያ ሰው ሃይላንድ ሲል ያንኑ ውሃ ማለቱ ነበር፤ ቀጥሎ የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ሆነ፤ በመጨረሻም ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ ባዶው ጠርሙስ ስሙን ወረሰ። ብዙ ሌሎች የውሃ ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ስም በትልልቅ ፊደል አትመው ቢያወጡም፣ ገበሬው እጅ የሚገባው ሁሉ ሃይላንድ ነው።

የዚህ ጠርሙስ አገልግሎት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ገበያ ላይ ለአንድ ሰዓት ቢቆሙ ይታያል። በሆለታ ዙሪያ ወተት በሃይላንድ ይመጣል፤ አረቄ በሃይላንድ ይሰፈራል፤ «ባለ ሁለት ሊትሩ» እና «ባለ ግማሹ» መስፈሪያ ሆነው ዋጋ ይቆረጥባቸዋል፤ ማር፣ ዘይት፣ ላምባ፣ የእሑድ ጠበል ሁሉ በእርሱ ይያዛል፤ ሴቲቱ ክዳኑን በእሳት ባጋለችው ምስማር ቀዳድታ የእጅ መታጠቢያ ታደርገዋለች፤ ሌላው ወገቡን ቆርጦ አንገቱን ማንቆርቆሪያ፣ ቂጡን የችግኝ ማፍያ ያደርገዋል፤ ተማሪው አንገቱን በሲባጎ አስሮ ውሃውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የተሰነጠቀውንም ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል። እረኛ የሚይዘው ቅልና የወታደር ኮዳ በዚህ ምክንያት ከመንገድ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ከዚህ ቀደምም ገንቦንና እንስራን ከሴት ጀርባ ያወረደው ጀሪካን ነበር፤ እርሱም ቢሆን ስሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ሠራዊት የማረኩትን የቤንዚን ዕቃ፣ ጀርመኖችን በሚሰድቡበት ቃል ጠርተውት እንዲሁ ቀረ። ጀሪካን የሴትን ጀርባ አቅልሎአል ብዬ አመሰግነዋለሁ፤ ሃይላንድን ግን በሙሉ አፍ ላመሰግነው አልችልም፤ ገንቦ ቢሰበር አፈር ይሆናል፣ ይህ ግን በአምቦው በሑሉቃ ወንዝ ዳርና በየቦዩ ተጥሎ የሚጠፋ አይመስልም። አምቦም ራሱ ዛሬ ከመስታወቱ ጠርሙስ ሌላ በፕላስቲክ ስለሚታሸግ፣ የተጠጣው አምቦ በማግሥቱ ሃይላንድ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የልጆቹ ነገር ነው። ከጊንጪ ወዲህና ወዲያ፣ ወደ ወንጪ በሚወጣውም መንገድ፣ ደጋ ተወልደው ደጋ የሚያድጉ ሕፃናት መኪና ባዩ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ የባዕድ አገር ጎብኚ ቃሉን ሰምቶ ስለ ተራራው የሚነግሩት መስሎት ፈገግ ሲል፣ አዲስ አበቤው መንገደኛ ግን ወዲያው ገብቶት መስታወቱን ዝቅ ያደርግና ባዶውን ጠርሙስ ይወረውርላቸዋል። ጠርሙሱ ቀላል ስለ ሆነ ነፋስ ይዞት ወደ አስፋልቱ መካከል ይመለሳል፤ ሦስትና አራት ልጆችም እርሱን ለመቅደም ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሳያዩ ይገባሉ። እንግዲህ በዚህ መንገድ የምትሄዱ አንባብያን ሆይ፣ ጠርሙስ መስጠት ከፈለጋችሁ መኪናችሁን ከመንገዱ ዳር አውጥታችሁ፣ አቁማችሁ፣ ወርዳችሁ በእጃቸው ስጡአቸው፤ ጊዜ ከሌላችሁም ይዛችሁት ሂዱ፣ አትወርውሩ።